እታገኘሁና የአጥቢያው ጎተራ

እታገኘሁ ላቀው ባሏን ፈትታ ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር ስትመጣ ከአንዲት ቦርሳ በቀር የያዘችው አልነበረም። ጥቂት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። ማታ ማታ እየተማረች ስምንተኛን ጨረሰች፤ የአማርኛ ታይፕ ለመደች። በዚያችው ሙያ ለገጠር የሚሆኑ ባለሙያዎች የሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ ተቀጠረች፤ ምድቧ ቤተ መጻሕፍቱ ሆነ። ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች። ድብ ባሕር ያሉ ዘመዶቿ «እታገኘሁ መጽሐፍ ጠባቂ ሆነች» ሲባሉ ሳቁ። መጽሐፍ ምን እንዳይሆን ነው የሚጠበቀው?

ኃላፊዋ አቶ ምናለ ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማያወልቁ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ረጋ ያሉ ሰው። ጋሼ ትላቸዋለች። ከእንግሊዝኛው መጻሕፍት ጀርባ ማንም በማይደርስበት ጥግ የአማርኛ መደርደሪያ ነበረ፤ እዚያ መካከል ሽፋኗ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ተሸጉጣ ኖራለች። የጻፏት አለቃ ሐብተ ማርያም የሚባሉ የጭልጋ ሰው ናቸው። ከጣልያን ወረራ በፊት የኖሩ፣ የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ጨርሰው ከነጋዴ ጋር መተማ ድረስ እየወረዱ የገበያን ነገር ያዩ። በዘመናቸው የሰማቸው የለም። አንጥረኛንና ሸክላ ሠሪን የሚንቅ አገር ማረሻውንና ድስቱን ከየት ሊያመጣ ነው ብለው በመናገራቸው ከደብራቸው ተባረሩ ይባላል።

የመሬት አዋጁ በወጣ በዓመቱ፣ ለሥራ ልምምድ ገጠር የከረሙ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ። ገበሬው «መሬቱንስ አገኘን፤ ከእንግዲህስ እንዴት ነው የምንበላው?» እያለ ያፋጥጣቸዋል፤ መልስ አልነበራቸውም። አቶ ምናለ ያቺን መጽሐፍ ከጥጉ አወጧት፤ አቧራዋን በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉና እታገኘሁ ጠረጴዛ ላይ አኖሯት።

«በስቴንስል ምቺልኝ። እናባዛታለን።»

«ሙሉውን ጋሼ?»

«ሙሉውን። አንዲት ቃል እንዳትዘዪ።»

እታገኘሁ ያን ክረምት ስትተይብ ከረመች። መጀመሪያ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አላየችም። አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። «ገበሬ የሚራበው ባለማረሱ አይደለም፤ በጥር በርካሽ የሸጠውን እህል በሐምሌ በውድ መልሶ ስለሚገዛ ነው» ይላል። እናቷ ትዝ አለቻት። በየዓመቱ ጥር ላይ ገብሱን ለግብር ብላ ትሸጣለች፤ በየሐምሌው እዚያው ነጋዴ ደጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቆማለች። ያ ነገር የእናቷ ዕድል ይመስላት ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበት፣ ምክንያቱን አግኝቶ፣ መድኃኒቱን ጽፎ ማለፉን አላወቀችም። መድኃኒቱ የአጥቢያ ጎተራ ነበር፦ ሁሉም ከመከሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ ለክፉ ቀን ይቀመጣል፣ የተበደረ በመከር ይመልሳል። «የጎተራው ቁልፍ በሹም እጅ አይሁን» ይላሉ አለቃ። «እህሉን ያመረቱት የሚያምኑትን ይምረጡ፤ የመረጡትንም በየዓመቱ ይጠይቁት።»

አቶ ምናለ በዚህ አላበቁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክፍሉን ለከተማው ሰው ከፈቱት። ሸማኔ መጣ፣ አስተማሪ መጣ፣ ገበያ የወጣ ገበሬ ጅራፉን እንደያዘ መጣ። አንድ አንጥረኛ በር ላይ ቆሞ አልገባም ብሎ ሲያስቸግር አቶ ምናለ የራሳቸውን ወንበር አንስተው ወሰዱለት። ያነባሉ፤ ሰዉ ይከራከራል። ከተማሪዎቹ ሁሉ አጥብቆ የሚጠይቀው አስማረ የሚባል የትክል ድንጋይ ልጅ ነበር፤ ለልምምድ ወደ አገሩ ሲሄድ እቅፍ ሙሉ ቅጂ ይዞ ሄደ። «እትዬ፣ ይህቺ መጽሐፍ አገር ትለውጣለች» ይላት ነበር።

ከቅዳሜዎቹ በአንዱ ታናሽ ወንድሟ አለበል ገብስ ሊሸጥ መጥቶ ገባ። ከኋላ ተቀምጦ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲወጡ፣

«ምነው እታለም፣ ይኼን የሚያህል ነገር እዚህ ተቀምጦ እኛ ሳንሰማው?» አላት።

«መጽሐፉማ ነበረ። የሚያነበው ነው ያጣ።»

«በይ ለእኔም ስጪኝ። ዲያቆኑ ያነብልናል።»

ሰጠችው። በዚያው ዓመት የድብ ባሕር ገበሬዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ አንድ ትልቅ ጎተራ አቆሙ፤ በጭድና በጭቃ መረጉት፤ ሸጋ አድርገው ከደኑት። ቁልፉን ለአያ ቢያዝን ሰጡ፤ ሽማግሌና ለማንም የማያደላ ሰው ነው። በክረምቱ ያጣ ተበደረ፣ በኅዳር መለሰ። እታገኘሁ አገሯ ስትገባ የአለበል ሚስት ውዴ እጇን ይዛ ወስዳ ጎተራውን አሳየቻት፤ በሩን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ «ዘንድሮ ሐምሌን አልፈራውም» አለች።

ከዚያ የመከራው ጊዜ፣ ቀይ ሽብር፣ መጣ። በጎንደር ያን ዓመት ቤቱ ያልተንኳኳ ሰው ጥቂት ነው። ጠዋት ሥራ የሚሄድ ሰው መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ ሲያይ ፊቱን አዙሮ ያልፋል፤ አተኩሮ ያየ፣ ያወቀው ይመስላልና። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች የንባብ ክፍሉ ድረስ ገቡ። አቶ ምናለ ብድግ ብለው መነጽራቸውን በኪሳቸው ከተቱ። ከበሩ ሲደርሱ ወደ እታገኘሁ ዞር አሉና፣ «መስኮቱን ዝጊው፤ ዝናብ ሊመጣ ነው» አሏት። በሳምንቱ ከመንገድ ዳር ወድቀው አገኘቻቸው። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሹራባቸውን አውቃ፣ ወረቀቱን ሳታነብ፣ እንደ ሰው ሁሉ ፊቷን አዙራ አለፈች። ሚስታቸው ወይዘሮ አስናቀች ማልቀስ ተከልክለው በራቸውን ዘግተው ከረሙ።

ወዲያው ቤተ መጻሕፍቱን ከተከለከሉ መጻሕፍት የሚያጸዳ ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው አስማረ ነበር። ካድሬ ሆኗል፤ ካኪ ለብሷል፤ እትዬ ማለቱን ትቶ ጓዲት ይላታል። የአለቃን መጽሐፍ ዋናውንም ቅጂውንም በጆንያ አስጭኖ ወሰደ። እታገኘሁ ይቃጠላል ብላ ነበር፤ አልተቃጠለም። በጊዜው ወረቀት ውድ ነውና ለቀበሌው ሱቅ ተሰጠ። አንድ ቀን ጨው ልትገዛ ሄዳ ሻጩ በራሷ እጅ በመታችው ገጽ ጠቅልሎ ሰጣት። ቤቷ ገብታ ጨውን ዕቃ ውስጥ ገለበጠች፤ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨመረችው። እቤቷ ቢገኝ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች።

ዓመታት አለፉ። እሷ መጽሐፍ ታወጣለች፣ ትመልሳለች፣ ቤቷ ትገባለች። የንባብ ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ቀረ። ድብ ባሕር ግን ጎተራው ቆሞ ነበር፤ ከመንገድ ገባ ስለሚል ይሁን የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት፣ የነካው አልነበረም። በኋላ የእህል ኮታ መጣ። ዘነበም አልዘነበም ገበሬው የተመደበበትን ኩንታል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። በ1975 ዝናቡ ቀድሞ ቆመ፤ አዝመራው ሳይሞላ ደረቀ፤ ኮታው ግን አልተቀነሰም።

ውዴ በጭነት መኪና ጎንደር የገባችው ያን ጊዜ ነው። አንድ ልጇን ብርቱካንን በጀርባዋ አዝላ ማራኪ እታገኘሁ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ አለበልን ወሰዱት።»

«ማን? ለምን?»

«ኮታው ጎደለ። ጎተራውን ክፈቱ አሉ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ‹ይኼ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ የአራስና የሕፃን ነው› አላቸው። ‹ለወንበዴ ያስቀመጣችሁት ስንቅ ነው› ብለው በሰደፍ መቱት። እህሉን ጠርገው ጫኑ። ቤታችንን ሲበረብሩ ያንን ወረቀት አገኙ።»

«ከየት አመጣሁ አለ?»

«ከገበያ ገዛሁ አለ። ማን ያምነዋል? እህቱ የት እንደምትሠራ አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

እታገኘሁ በማግስቱ አስማረ ቢሮ ሄደች። በሩን ራሱ ተነሥቶ ዘጋው። ከስቷል፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«እንደምትመጪ አውቄአለሁ» አለ። «ስሚኝ። ነገሩ ከእኔ በላይ ሆኗል። መጽሐፉን ማን አባዛ፣ ማን አሠራጨ እያሉ ነው። እኔም ትክል ድንጋይ ድረስ ተሸክሜው እንደሄድኩ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ወንድሜን አስፈታልኝ።»

«ምናለ ሞቷል። የሞተ ሰው ሁለተኛ አይሞትም። ስብሰባ ይጠራል፤ ተነሥተሽ ምናለ አስገድዶኝ ነው በይ። የሕዝብ ጠላት ነበር በይ። ወንድሜ ያልተማረ ገበሬ ነው፣ ተታሎ ነው በይ። ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል።»

«ይፈታል?»

«ይፈታል።»

ስብሰባው በኮሌጁ አዳራሽ ሆነ፤ ድምፅ ማጉያው ውጭ እስከ ሰፈሩ ድረስ ይሰማል። ስሟ ሲጠራ ወጣች። ዓይኗን ከአዳራሹ ኋላ ግድግዳ ላይ ተክላ ተናገረች። «መጽሐፉን ያባዛው ምናለ ነው። ያዘዘኝን ተየብኩ። ምናለ የሕዝብ ጠላት ነበር።» በሕይወት ሳሉ እርስዎ እንጂ አንተ ብላቸው የማታውቀውን ሰው እሱ እያለች ስትጠራቸው ምላሷ ከበዳት። ሰዉ አጨበጨበ። ከመድረኩ ስትወርድ አንድ የማታውቀው ሰው ደግፎ አስቀመጣት።

በማግስቱ ከውዴ ጋር ስንቅ ቋጥረው እስር ቤት ሄዱ። ዘበኛው ስሙን ተቀብሎ ገባ፣ ቆየ፣ ያመጡትን ምግብ እንዳለ ይዞ ተመለሰ። በሌላ እጁ የተጠቀለለ ጋቢ ይዟል።

«ተስቦ ገብቶ ነበር» አለ፤ ክፉ ሰው አይመስልም። «ብዙ ሰው ነው የሄደው። እሱ ከሞተ ከሳምንት በላይ ሆነው። አልነገሯችሁም?»

ውዴ መሬት ላይ ተቀመጠች። እታገኘሁ ጋቢውን ተቀብላ ቆማ ቀረች። በስብሰባው ላይ ስትናገር አለበል ተቀብሮ ነበር ማለት ነው። አስማረን ሄዳ ስትጠይቀው «አላወቅሁም ነበር» ብሎ ማለ። እውነቱን ይሁን አይሁን ዕድሜዋን ሙሉ ሊገባት አልቻለም።

ሰባቱ እንዳለፈ ወደ ወይዘሮ አስናቀች ቤት ሄደች። በሩ ተከፈተ፤ ወይዘሮዋ ግን ግቢ አላሏትም።

«ሰምቻለሁ» አሏት ወይዘሮ አስናቀች። «በመስኮት ነው የሰማሁት፤ ድምፅሽን አወቅሁት።»

«ወንድሜን ያወጡልኝ መስሎኝ ነው እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም ብሆን እል ነበር። የወንድሜን ነፍስ ቢይዙብኝ ምናለን እሰድብ ነበር። ስለዚህ አልረግምሽም።» በሩን ገፋ አደረጉ። «ግን ሁለተኛ ከዚህ ደጅ አትምጪ።»

በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እታገኘሁን ቤተ መጻሕፍቱ አላስቀምጥ አላት። የጋሼ ወንበር ያው ነበር፤ መስኮቱም ያው። ሥራውን ለቅቃ በአንድ ሐኪም ቤት አንሶላ አጣቢ ሆነች።

በ1977 ረሃቡ ጠና። ስለ ውዴ የሚመጣው ወሬ ክፉ ስለነበረ እታገኘሁ ያላትን ሸጣ አንድ ቁና ሽምብራና ጥቂት ዱቄት ቋጥራ ድብ ባሕር ሄደች። መንገዱ ዳር የተቀመጠ ሰው እጁን እንኳ አይዘረጋም፤ አቅሙ የለውም። ውዴ በጣም ከስታ ፊቷ የአሮጊት ፊት ሆኖ ጠበቃት። ዱቄቱን ተቀብላ ለብርቱካን ካበሰለች በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆዷን አወጣችው።

«ያ ወረቀት ባይመጣ ባሌ አጠገቤ ነበር።»

እታገኘሁ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች።

«ደግሞ አስበዋለሁ» አለች ውዴ። «ጎተራው ባይኖርስ? እህሉን ከየቤታችን ይወስዱት ነበር። እሱም ዝም አይልም፤ ታውቂዋለሽ። እንዲህም አስቤ እንዲያም አስቤ ሊወጣልኝ አልቻለም። አንቺን ልጠላሽ ፈልጌ ነበር እትዬ። ለመጥላትም ጉልበት ይጠይቃል።»

በሳምንቱ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና ከመንገዱ ዳር ደረሰ። ጥቂት ጆንያ ነው፤ ሕዝቡ ግን ሜዳውን ሞልቷል። ጉልበት ያለው እየተጋፋ ቀደመ፤ አንዲት አራስ ተረግጣ ጮኸች። አከፋፋዮቹ ዱላ አነሡ። ያን ጊዜ አያ ቢያዝን በምርኩዙ እየተደገፈ እታገኘሁ ዘንድ መጣ።

«ያን መጽሐፍ የመታሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ አያ። በስብሰባ ፊት ያባዛውን ሰው የረገምኩትም እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። የጎተራው እህል ሲያንስ በምን ተራ ይሰፈራል ይላሉ አለቃ? ዲያቆኑ አንብቦልን ነበር፤ ቃሉ ከልቤ ጠፋ።»

እታገኘሁ ጣቶቿን እንደምትተይብ አንቀሳቀሰች። ከዚያ ቃሉ ከጣቷ የመጣ ይመስል እየተከታተለ ወጣ። «አስቀድሞ ለአራስና ለእርጉዝ ይሰፈር፤ ቀጥሎ አባት እናት ለሌለው ሕፃን፤ ቀጥሎ ለሽማግሌና ለበሽተኛ፤ ጎልማሳ ይቆይ። የሚሰፍረውም ሰው የራሱን ድርሻ መጨረሻ ይውሰድ።»

አያ ቢያዝን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ያንኑ ደግሞ ለሰዉ ተናገረ። ጎተራውን የሠሩት ሰዎች መካከል ገብተው ሰዉን በተራ አስቀመጡት። አከፋፋዮቹም ግራ ገብቷቸው ነበርና ተዉአቸው። የዚያን ቀን አራሶች ተሰፈረላቸው። ሁሉም ግን አልደረሰውም። አያ ቢያዝን ራሱ የሚሰፈርለት ተርታ ላይ ሳይደርስ ጆንያው አለቀ። በዚያው ወር ሞተ።

ከዚያ የሰፈራ መኪኖች መጡ። ካድሬዎቹ ወደ ለምለም አገር ትሄዳላችሁ አሉ። የፈለገም ሄደ፣ ያልፈለገም ተጫነ። ውዴ ግን ሳያስገድዷት ተነሣች።

«ምነው ውዴ? ከእኔ ጋር ጎንደር እንግባ» ብላ እታገኘሁ ለመነቻት።

«አንዲት ክፍል ነው ያለሽ። በአጣቢነት ሦስት ሰው ልታበዪ ነው? እዚያ እህል ካለ አርሼ እበላለሁ።» ብርቱካንን አቅፋ መኪናው ላይ ወጣች። መኪናው ሲነሣ ግን ሐሳቧን ለወጠች፤ ልጅቱን ከላይ ወደ ታች አወረደቻትና በእታገኘሁ እጅ አስቀመጠቻት። «ልጄን ቆላው ይገድልብኛል። ሲመቸኝ እመጣለሁ።» ልጅቱ ጮኸች። ውዴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መኪናው በአቧራ ውስጥ ጠፋ።

እታገኘሁ ብርቱካንን ማራኪ አምጥታ አሳደገቻት። ልጅቱ መጀመሪያ አካባቢ አትናገርም። ከተሰጣት ምግብ ግማሹን ልብሷ ውስጥ ትደብቅ ነበር፤ እታገኘሁ ልብሷን ስታጥብ የደረቀ ቆሎና የሻገተ ቁራሽ ታገኛለች፤ አልገሠጸቻትም። ትንሽ ትንሽ እያለች መጫወት ጀመረች፤ ትምህርት ቤት ገባች።

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ከሰፈራው ጠፍቶ የመጣ አንድ የድብ ባሕር ሰው ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ እታገኘሁን አወቃት። ውዴ ቆላ በወረደች በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞታ ነበር፤ እሱ ከቀበሯት ሰዎች አንዱ ነው። እታገኘሁ ያን ቀን አንሶላዎቹን አጥባ ጨረሰች፣ አሰጣች፣ ከዚያ ቤቷ ሄደች። ብርቱካን በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት፤ ስታያት ምን እንደሆነች አልጠየቀችም፤ እንደ ልማዷ ሌላውን ጠየቀች።

«እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?»

እታገኘሁ እስከዚያ ቀን «በቅርቡ» ነበር የምትላት። አጠገቧ ተቀመጠች።

«አትመጣም ልጄ። ሞታለች።»

ልጅቱ ወደ መሬት አየች። ከዚያ እጇን እታገኘሁ ጉልበት ላይ አኖረች። ሁለቱም እዚያው እንደተቀመጡ አብረው አለቀሱ፤ ይህን ልቅሶ የከለከላቸው አልነበረም።